ሁለት ዛፍ ከአንድ ሥር

የጥንት ሮማውያንን ግጥም የተማርኩት ወድጄ አይደለም። ነርሲንግ ለመግባት አንድ የሂውማኒቲስ ክላስ መውሰድ አለብሽ ተባልኩ፤ ከሥራዬ ጋር የማይጋጨው ደግሞ እሱ ብቻ ሆነ። የፊልሙ ሞልቷል፣ የሙዚቃው ጠዋት ነው፣ የቀረው አማልክት ሰውን ዛፍ፣ ወፍና ሸረሪት የሚያደርጉበት ይሄ ግጥም ነው። አድቫይዘሬን «ኧረ ለነርስ ይሄ ምን ይሠራላታል?» ብላት ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ሬጂስተር አደረገችኝ። እኔም እየተነጫነጭኩ መጽሐፉን ገዛሁ።

ጊዜው የማሪዋና ሱቆች ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ እንደ አሸን የፈሉበት ሰሞን ነው። አውሮራ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ቤት ሆም ኬር እሠራ ነበር። አባባ ስትሮክ መቷቸው ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ደግፌ ደረጃውን አወርዳቸዋለሁ፣ ፓርኩን አንድ ዙር እንዞርና መልሼ አወጣቸዋለሁ። እማማ በወረቀት የእኔ በሽተኛ አይደሉም። ግን እሳቸው ዘንድ ወረቀት አይሠራም፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ምን በላሽ?» ነው ጥያቄያቸው፤ «በልቻለሁ» ደግሞ መልስ ሆኖላቸው አያውቅም። አለቃዬ ከደንበኛ ቤት ምግብ አይበላም የሚል ደንብ አስፈርማኛለች። ደንቡን ያወጣው ሰው እማማን አያውቃቸውም።

ባልና ሚስቱ አንድ የማያባራ ጭቅጭቅ ነበራቸው። አባባ ሲያስላቸው እማማ ከኩሽና ሆነው «እኔን ያስቀድመኝ» ይላሉ። አባባ ይቆጣሉ፤ ቀድመሽኝ ሄደሽ እኔን ለማን ልትጥይኝ ነው ይላሉ። እማማ በተራቸው ወገቤን ሲሉ ደግሞ አባባ ናቸው «እኔን ያስቀድመኝ» የሚሉት፤ ጭቅጭቁም ከሌላኛው ጫፍ እንደ አዲስ ይጀመራል። የታክሲ ሰልፍ ይመስል ማን ቀድሞ እንደሚሞት ወረፋ ይሻማሉ። መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር፤ ኋላ እንደ ሬዲዮ ለመድኩት። እንዲያውም ዝም ካሉ ተኮራርፈዋል ማለት ነው ብዬ ሻይ አፈላላቸዋለሁ።

ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ግን አንድ ነገር መጣ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ኤሌቬተር የለውም፤ የአባባ እግር ደግሞ ደረጃውን እየጠላ ሄደ። አንድ ቀን መሃሉ ላይ ቁጭ አሉብኝ። ብጎትት፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች። ጎረቤት ጠርቼ ለሁለት ተሸክመን አወጣናቸው። ሌክውድ የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ይሄን ስትሰማ ሥራዋን ጥላ መጣች። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ፣ ቶሎ ቆርጣ ቶሎ የምትጨርስ ሴት ናት።

የቤቱ የኪራይ ውል በጋ ሲገባ ያልቃል። ስለዚህ እቅድ አወጣች። እናቷ ሌክውድ እሷ ጋር ይገባሉ፤ ታች ያለችው ጠባብ ክፍል አንድ አልጋ ትችላለች። አባቷ እዚሁ አውሮራ፣ ነርስና ኤሌቬተር ያለው የአረጋውያን ቤት ይገባሉ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ይገናኛሉ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ለሁለቱም የሚሻለውን ብላ፣ እንቅልፍ አጥታ ያወጣችው እቅድ ነው። እኔን ያስገረሙኝ እነሱ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ አልጋ ላይ የተኙ፣ ሱዳንን አብረው ያቋረጡ ሰዎች፣ ተለያዩ ሲባሉ ሁለቱም ወዲያው እሺ አሉ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ደረጃውን ረድቶኝ አባባን ፓርክ ይዣቸው ሄድኩ። ዝይዎች መንገዱን ዘግተው እንደ ባለርስት ይንጎራደዳሉ። አባባ ዝይ አይወዱም፤ ፓርኩን በሙሉ በኩሳቸው ያበላሹታል ይላሉ። በከዘራቸው እያስፈራሯቸው ቆመን ሳለ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እዚያ ቤት መግባት ለእሳቸው ሞት እንደሆነ ነገሩኝ። ግን እሷ የልጅ ልጆቿን ማቀፍ ትወዳለች፣ እኔን ስታነሳ ስትጥል ወገቧ አለቀ፣ እስቲ እሷ እንኳ ትረፍ አሉ። ቀጥለው አደራ አሉኝ፤ እንዳትነግሪያት።

ቤት ስንመለስ አባባ ጋደም አሉ። እኔ ሰሃን ሳጥብ እማማ ጎኔ ቆመው እያደረቁ፣ ያለ እሱ እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም አሉኝ። ማንኮራፋቱን ካልሰማሁ ዓይኔ አይከደንም አሉ። ግን ነርስ ያስፈልገዋል፣ እኔ አሮጊቷ ቢወድቅብኝ አላነሳው፣ ለእሱ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ከዚያ እሳቸውም አደራ፤ እንዳትነግሪው።

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። ሁለቱም አይፈልጉም፣ ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው ሲሉ እሺ ብለዋል፣ ልጅቷ ደግሞ ሁለቱም የፈለጉትን ያደረገች መስሏት ተረጋግታለች። ይሄ የእኛ ሰው ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንደሚያፈርስ! ፈረንጅ ቢሆን አንዱ «ኖ» ብሎ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ደግሞ በሥራዬ ደንብ የደንበኛ ቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ እንዳልገባ ታዝዣለሁ፤ በዚያ ላይ የሁለቱም አደራ አለብኝ። ሆዴ ምስጢር የሚችል ሆድ አይደለም፤ እንዳይፈነዳ ፈርቼ ነበር።

ግጥሙ የመጣው ያኔ ነው። አስተማሪያችን ነጭ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ፣ ስኒከር የምታደርግ፣ ስትናገር እጇ አርፎ የማይቀመጥ ሴት ናት። በእነዚህ የሮማ ግጥሞች ውስጥ ዛፍ ዛፍ ብቻ አይደለም ትላለች። ከአሳዳጇ አምልጣ ዛፍ የሆነችው ልጅ መዳኗም ዛፉ ነው፣ እስር ቤቷም ዛፉ ነው። ከአንዲት ሴት አምላክ ጋር ተወዳድራ ሸረሪት የሆነችው ሸማኔ ሙያዋ አልተወሰደባትም፤ እስከ ዛሬ ትፈትላለች። የሰው መልኩ ይለወጣል፣ ጠባዩ ግን አዲሱ መልክ ውስጥ ይቀራል፤ ሲምቦሉ ያለው እዚያ ነው ትላለች። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ ኧረ ይሄማ ሰምና ወርቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራችን ስንት ዓመት ያስለቀሱን በዚሁ አይደለም እንዴ?

የእያንዳንዳችን ሥራ አንድ ታሪክ መርጦ ተምሳሌቱን ክላስ ፊት ማብራራት ነው። የኔን ያገኘሁት አስራ አምስት ቁጥር ባስ ላይ ነው፣ ኮልፋክስን ይዘን ወደ ዳውንታውን ስንሄድ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ እኔ ደግሞ መጽሐፌን በአንድ እጄ ይዤ አነባለሁ። ታሪኩ የሁለት ሽማግሌዎች ነው። ሳነበው ዕንባዬ መጣ። ሰውዬው ብንን ብሎ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። እንዲህ ሲጨነቅልኝ ጊዜ እሱንም ወደድኩት።

በማግስቱ ለእማማና ለአባባ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አወራሁላቸው። ሰበቤ ልምምድ ነው። የሆዴ ግን ሌላ ነው፤ እኔ መናገር ካልቻልኩ ታሪኩ ይናገርልኝ ብዬ ነው። እማማ አማልክት የሚለውን ሲሰሙ አማተቡ። ጣዖት ነው ወይ ቤቴ ውስጥ የምታነቢው ብለው የጠበሉን ጠርሙስ ሊያመጡ ተነሱ። በስንት ልመና ተስማማን፤ አማልክት የሚባል ነገር አይነሳም፣ «እንግዶቹ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለት እንግዶች የድሃ መንገደኛ ልብስ ለብሰው አንድ መንደር ገቡ አልኩ። ማደሪያ እየለመኑ በር ሁሉ አንኳኩ፤ በር ሁሉ ተዘጋባቸው። በመጨረሻ አንዲት የሣር ጎጆ ተከፈተችላቸው። ውስጧ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉ፤ በወጣትነታቸው እዚያው ተጋብተው እዚያው ያረጁ። ጌታውም አሽከሩም እነሱው ናቸው፤ አዛዡም ታዛዡም ሁለቱ ብቻ። ሴትየዋ የተዳፈነውን እሳት እፍ እፍ ብላ አነደደች፣ ሰውየው ከጓሮ ጎመን ቆርጦ መጣ፣ ለእንግዶቹ እግር መታጠቢያ ለብ ያለ ውሃ ቀረበ። እማማ እዚህ ላይ ደግ አደረጉ ብለው አጸደቁላቸው።

ቀጥዬ ሰውየው ጭስ ከጠገበው ማገር ላይ የተሰቀለ የአሳማ ሥጋ አወረደ ስል ጉድ ፈላ። እማማ ጆሯቸውን ያዙ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አሳማ አያበላም፣ መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። አባባ ነገሩን አበረዱት፤ ማገር ላይ ተሰቅሎ ጭስ የሚጠግብ ሥጋማ ቋንጣ ነው ብለው ፈረዱ። ቋንጣ ተባለ፣ ቋንጣ ሆነ።

ጠረጴዛውን ግን ሁለቱም ወደዱት። የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሴትየዋ የገል ስባሪ ከሥሩ ሰክታ ታስተካክለዋለች። አባባ ከት ብለው ሳቁና ከፊታችን ያለውን የራሳቸውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው መቱት። እሱም አንድ እግሩ አጭር ነው፤ እማማ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አጣጥፈው ከሥሩ ሰክተውለታል። ከዚያ ወይኑ ተቀድቶ ተቀድቶ ማሰሮው አልጎድል ሲል ሽማግሌዎቹ እንግዶቹ ተራ ሰዎች እንዳልሆኑ ገባቸው። ደንግጠው ያለቻቸውን አንዲት ዝይ ሊያርዱ ተነሱ። ዝይዋ በክንፏ እየተንደፋደፈች አደከመቻቸው፤ በመጨረሻ እንግዶቹ እግር ሥር ገብታ ተሸሸገች፤ እነሱም ተዉአት አሏቸው። አባባ እንግዶቹ ላይ ቅሬታ ያደረባቸው እዚህ ብቻ ነው። ዝይ ነበረች እኮ፣ ትታረድ ነበር አሉ።

እማማ ሌላ የከነከናቸው ነገር አለ። ባለቤቶቹ «በሞቴ ብሉ» አላሉም ወይ ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ ላይ የለም አልኳቸው። ታዲያ እንግዶቹስ ለዝይዋ ሲለምኑ «በሞቴ ተዉአት» አላሉም? እሱም የለም። አባባ ይሄን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። እነሱማ ምን ሞት አላቸው፣ በሞቴ የሚሉት አሉ። እኔ እስክሪብቶ ፈልጌ መጽሐፌ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፤ በሞቴ ማለት የሚችለው የሚሞት ሰው ብቻ ነው።

መጨረሻውን ስነግራቸው ግን ዓይኔን ከሁለቱም ፊት አልነቀልኩም። በሩን የዘጋው መንደር በውሃ ተዋጠ፣ ጎጆዋ ተለውጣ የእብነ በረድ ቤተ መቅደስ ሆነች፣ ሽማግሌዎቹ ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው ተጠየቁ። ቤተ መቅደሱን እንጠብቅ፣ ደግሞም አንዳችን የሌላችንን መቃብር ሳናይ በአንድ ሰዓት እንሙት አሉ። ተፈቀደላቸው። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው የድሮውን ሲጫወቱ እርስ በርስ ቅጠል ሲያወጡ ተያዩ፤ አፋቸውን ቅርፊት እስኪሸፍነው «ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ» ተባባሉ፤ ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች ሆኑ። የዛፎቹን ስም በአማርኛ ስላላወቅሁ አንዱን ወይራ፣ አንዱን ዋንዛ አልኳቸው። አባባ በበኩላቸው ጎን ለጎን ብቻ አይበቃም፣ ሥራቸው አንድ ነው አሉ፤ ሥራቸውንም አንድ አደረግነው።

እንግዲህ አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ፤ ሁለቱም «ታድለው» አሉ። ከዚያ እማማ ወደ መስኮቱ፣ አባባ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። መጽሐፉን መወርወር ነው ያማረኝ። ታሪኩ ነግሯቸው ነግሯቸው እነሱ ታድለው! ምን ላድርግ፣ ሻይ አፈላሁ።

በዚያው ሳምንት ለክላሱ የጻፍኩትን ረቂቅ አስተማሪዋ መለሰችልኝ። ወርቁን አላስቀርም ብዬ የቀረበውን ሁሉ ሰም አድርጌው ነበር፤ ጥቅል ጎመኑ በሽፋን ላይ ሽፋን ያላት ነፍስ፣ ከምግቡ ጋር የቀረበው ኮምጣጤ የሕይወት ምሬት፣ የጠረጴዛው አራተኛ እግር ምናምን። ጠረጴዛው ሦስት እግር ብቻ እንዳለው እንኳ አላስተዋልኩም። አንዳንዴ ጎመን ጎመን ነው፣ ሰዎቹም እርቧቸዋል ብላ ጻፈችልኝ። እቃውን ትተሽ ሰዎቹ የሚያደርጉትን እይ አለች። ትንሽ ከፋኝ፤ ጎመኑ ላይ ብዙ ደክሜ ነበር።

ቁርጡ ቀን እሑድ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለሆነ እማማ ዶሮ ሠርተዋል። ልጃቸው ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤተ ክርስቲያን መጥታለች። በማግስቱ ከአረጋውያኑ ቤት ጋር ልትፈራረም ነው፤ እኔን ደግሞ ከአባባ ዕቃ ምን ምን እንደሚወሰድ እንድነግራት ጠርታኛለች። ከምሳ በኋላ የክፍሉን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። አባባ ብርሃን አለው አሉ። እማማ ንጹሕ ነው አሉ። የዶሮው አጥንት ብቻ ሰሃን ላይ ቀረ።

አባባ ስልኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ ያንን የጠረጴዛውን ታሪክ ንገሪያቸው አሉኝ። እኔ እንቢ አላልኩም። እንደገና ከመንደሩ በር ጀመርኩ። እማማ ቋንጣው እንዳይቀር ከጎን ያስታውሱኛል፤ ዝይዋ ጋ ስደርስ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ፤ ትልቋ ለዝይዋ ደግፋ «ጉድ ፎር ኸር» አለች። እንግዶቹ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ አልኩ፤ ሽማግሌው መልስ ከመስጠቱ በፊት ከሚስቱ ጋር ጥቂት ተመካከረ፤ ከዚያ የሁለታቸውን ሐሳብ ተናገረ። ወደ ቅጠሉ ልሄድ ስል አባባ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣» አሉ። «ምን ተባባሉ?»

መጽሐፉ አይናገርም አልኳቸው። ተመካከሩ ይላል፣ ያማከራትን ቃል ግን አይሰጠንም። የመጀመሪያ ቀን ይሄን ቦታ ሮጬ አልፌው ነበር። አባባ ገረማቸው፤ ዋናው ነገር እሱ አይደለም ወይ አሉ። ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሲያንኳኩ ቆዩ፤ አጭሩ እግር ከሥር ቀጭ ቀጭ አለ። ከዚያ ሙሉ ሰውነታቸውን ወደ እማማ አዞሩ፤ ለእሳቸው በአንድ ጎን መዞር ቀላል ሥራ አይደለም።

«እስቲ እኛም እንመካከር፣» አሉ። «አንቺ ሌክውድ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

እማማ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መሬት አዩ። ለአንተ ነርስ ያስፈልግሃል ብለው ጀመሩ። አባባ አቋረጧቸው፤ እኔን ተዪኝ፣ አንቺን ነው የጠየቅሁት አሉ። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

«አንተ በሌለህበት ቤት ምን አደርጋለሁ?»

«እኔስ ላንቺ ብዬ አይደል እሺ ያልኩት፣» አሉ አባባ።

አንጀቴን በሉት። ልጃቸው ግን መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ስንት ሌሊት ሳልተኛ፣ ስንት ቤት ዞሬ፣ ሁለታችሁም እሺ ብላችሁኝ፣ ታዲያ ለምን አትነግሩኝም አለች። ሁለቱም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ፤ ተነስታ ሁለቱንም በአንድ ላይ አቀፈቻቸው። ቀና ስትል ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። ሰሃን ላነሳሳ ተነሳሁ።

ከኩሽና ሆኜ የሰማሁት የባሏን ድምፅ ነው። ሰውየው ሹፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ውሎ ቤቱ ሲገባ አንድ ቃል አይወጣውም። ሳይቸኩል፣ ዳይኒንግ ሩሙ ሁለት አልጋ ይችላል አለ። ያ ክፍል ለታንክስጊቪንግ በዓል ብቻ የሚከፈት፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ያለበት፣ ደረጃ የሌለው፣ ባኞ ቤቱም አጠገቡ ያለ ክፍል ነው። ሚስቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ የዳይኒንግ ጠረጴዛውን ምን እናድርገው አለች።

«ጠረጴዛማ እኛ አለን፣» አሉ አባባ። ደስታቸው አላስቻላቸው ኖሮ በመዳፋቸው መቱት፤ የእማማ ሻይ ተደፋ።

ክላስ ፊት የቆምኩት በዚያ ሳምንት ነው። ጎመኑን ትቼዋለሁ። የታሪኩ እምብርት ዝይዋም አይደለችም፣ ወይኑም አይደለም፣ ዛፎቹም አይደሉም አልኩ። እምብርቱ ሽማግሌው ከሚስቱ ጋር የተመካከረበት፣ ገጣሚው ቃሉን ሳይነግረን ያለፈው ቦታ ነው። አማልክቱ ሁሉን ማድረግ ይችላሉ፤ አንድ ነገር ግን የላቸውም፣ ሞት የላቸውም፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ሲል የሚሰጠው ነገር የላቸውም። ሽማግሌዎቹ ሞት አላቸው፤ እሱንም ሳይሻሙ ተካፈሉት። በእኛ አገር ሰው ሲዋደድ እኔን ያስቀድመኝ ይባባላል አልኩና ተረጎምኩላቸው። አስተማሪዋ እርሳሷን ከፀጉሯ ነቅላ የሆነ ነገር ጻፈች።

ወዲያው አንድ ልጅ እጁን አወጣ። መጽሐፉ ላይ የአሳማ ሥጋ ነው የሚለው፣ አንቺ የደረቀ የበሬ ሥጋ ያልሽው ከየት አምጥተሽ ነው አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው! በእኛ ቤት ቋንጣ ነው አልኩት። አስተማሪዋ እስክታነባ ሳቀች፤ ግጥሙ ሁሉ የመለወጥ ግጥም ነው፣ ሥጋውም ተለወጠ ብላ አለፈችኝ። ያገኘሁት ኤ ማይነስ ነው። ማይነሱ የቋንጣው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እማማ ሲሰሙ መምህሯን ደውለው ሊከራከሩ ተነስተው ነበር።

በገዛ ተረቴ ሥራዬን አጠፋሁት ማለት ይቻላል። እማማና አባባ ሌክውድ ሲገቡ ለእኔ ሩቅ ሆነ፤ ድርጅቱ ሌላ ቤት መደበኝ፣ እዚያ ደግሞ ምን በላሽ የሚለኝ ሰው የለም። ነርሲንጉን በዓመቱ ጀመርኩ። የታንክስጊቪንጉ ጠረጴዛ ጋራዥ ገባ፤ አጭር እግር ያለው ጠረጴዛ በሹፌሩ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሌክውድ ደረሰ። ልጅቷ እግሩን አናጺ ጠርታ ልታሠራላቸው ፈልጋ ነበር። አባባ በጭራሽ አሉ፤ ማስታወቂያው ብቻ በአዲስ ተለወጠ።

ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው የሄድኩ ቀን ሁለቱ አልጋዎች ጎን ለጎን ተጠግተዋል፤ መሃላቸው የነበረው ኮመዲኖ የት እንደሄደ አልጠየቅሁም። ከመስኮቱ ወዲያ ተራራው ይታያል፣ ሣሩ ላይ ደግሞ ዝይዎች ይንጎራደዳሉ። አባባ እዚህም ተከተሉኝ ብለው ያማርራሉ፤ እማማ ግን ድርቆሽ እንደሚጥሉላቸው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። እኔም ገና እግሬን አጥፌ ሳልቀመጥ፣ በልቻለሁ ማለት ሳልጨርስ ሰሃን ቀረበልኝ።

ሻያችንን እየጠጣን አባባን ሳል ያዛቸው። እማማ እንደ ልማዳቸው «እኔን ያስቀ…» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ። ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንዴት ነበር የተባባልነው?»

«እኩል፣» አሉ አባባ፣ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ።